የሐረር አበባ በየወራቱ፦ ከግቢ፣ ከማሳና ከገበያ ድግስ ማስዋብ

ሐረር ላይ ሠርግ ሲደገስ የአበባው ነገር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ከሁለት ባንዱ ነው። ወይ ጽጌረዳ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ ወይ የላስቲክ አበባ ከዲኮር ቤት በኪራይ ይመጣል። ጽጌረዳው ዝዋይ ወይም ሆለታ ተቆርጦ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጉዞ ሲደርስ አንገቱን የደፋው ጥቂት አይደለም። የላስቲኩ አንገቱን አይደፋም፤ ግን አቧራ ይጠጣል፣ ፀሐይ ቀለሙን ትበላዋለች፣ ካረጀ በኋላም ከከተማው ቆሻሻ ጋር ተጥሎ ሳይበሰብስ ይኖራል።

ከሁለቱ በፊት ግን ጠዋት ገበያ ወርዶ ማየት ይገባል። በሶብላውን፣ ጤና አዳሙንና አሪቲውን በእቅፍ አስረው የሚሸጡ ሴቶች እዚያ አሉ። በግንብ ከታጠረው ከጁገል ግቢዎች አጥር ላይ ወደ ጠባቡ መንገድ የሚደፋው ቦገንቪሊያ፣ በየማሳው ጫፍ የቆመው ሱፍ፣ በመኸር ቀይና ነጭ ራሱን ያዘነበለው ማሽላ፣ ሁሉም ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕቃ ነው። የሚቀረው መቼ፣ ከየትና እንዴት እንደሚቆረጥ ማወቅ ነው። መመሪያው የተጻፈው የዲኮር ሥራ ለጀመሩ፣ የካፌያቸውን ጠረጴዛ ለሚያስውቡ፣ ወይም የልጃቸውን ሠርግ በራሳቸው እጅ ለማሳመር ለሚያስቡ ነው።

ከአበባው በፊት ውሃው

የሐረርን የውሃ ታሪክ ሳያውቁ ስለ ሐረር አበባ ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የጠጣችው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ለመስኖ ያለ ልክ እየተሳበ፣ ከተራቆተው ተዳፋት በሚወርድ ደለልም እየተሞላ፣ ሐይቁ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት መልሶ ውሃ መያዝ ቢጀምርም ከተማዋ ፊቷን ወደ ሌላ ምንጭ ካዞረች ቆይታለች። ከዚያ ወዲህ በተዘረጋው መስመር ውሃ የሚመጣው በድሬዳዋ በኩል ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ተጠግታ ስለሆነች ያ ውሃ በፓምፕ ተገፍቶ ተራራ ይወጣል። እንዲህ ለፍቶ የመጣ ውሃ አበባ ላይ በጎማ አይለቀቅም።

ከውጭ የሚመጣው ጽጌረዳም ከውሃ ነፃ አይደለም። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንድ ዘንግ ጽጌረዳ ለማድረስ ከ7 እስከ 13 ሊትር ውሃ እንደሚጠይቅ ገምቷል። በዚህ ስሌት 300 ዘንግ ያዘዘ ሠርግ በትንሹ 2,100 ሊትር፣ ማለትም ከ100 በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ከሌላ ሰው ሐይቅ ጠጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ግቢዎ ውስጥ ሳሙና ያልነካው ውሃ የት እንደሚፈስ ማየት ነው። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ አንዱ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የውዱእ ውሃ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ሳሙና የለበትም፣ በቀን አምስት ጊዜ ይመጣል። በጁገል ውስጥ ብቻ 82 መስጊዶች እንዳሉ ያስታውሱ። በቤትዎ ውዱእ የሚደረግበትን ቦታ ሳፋ ይደቅኑበት፣ ወይም መፍሰሻውን በትንሽ ቦይ ወደ አበባው መደብ ይምሩት። ሁለት ካሬ ሜትር ለሆነ መደብ በበጋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል፤ አፈሩ ግን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል መሸፈን አለበት። ሳይሸፈን እጥፉን ቢያጠጡትም ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ይወስደዋል። ውሃውን ማታ ማታ፣ ከሥር ከሥሩ ያፍስሱ፤ ቅጠል ላይ የፈሰሰ ውሃ ለቅጠል በሽታ በር ይከፍታል።

ወሩን ማንበብ

የአበባ ሰው ዋና ሙያ መቀስ አያያዝ ሳይሆን ቀን መቁጠር ነው። ሐረር ዝናብ የሚጎበኛት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትንሹ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ትልቁ። ማንኛውንም ትዕዛዝ ከመቀበልዎ በፊት ቀኑ ከሁለቱ ዝናብ ከየትኛው በኋላ እንደሚውል ይመልከቱ።

መስከረምና ጥቅምት የጥጋብ ጊዜ ናቸው። አደይ አበባ በየደጋው ጎልቶ ይታያል፤ በክረምቱ መግቢያ የተዘሩት ዚኒያ፣ ኮስሞስና ሱፍ ይደርሳሉ። በእነዚህ ሁለት ወራት ከግቢ ያለፈ ምንም መግዛት አያስፈልግም፤ ጽጌረዳ የሚያዝ ሰው ካለ ገንዘቡ በዝቶበታል።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ግን ሰው እንደሚያስበው ባዶ አይደለም። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አበባው ይቀንሳል፣ ፍሬውና ራሱ ግን ያኔ ነው የሚያምረው። የሐረርጌ ዋና እህል የሆነው ማሽላ ይታጨዳል። አንድ ክንድ አገዳ ከነራሱ ተቆርጦ፣ አምስት ስድስቱ በእንስራ ውስጥ ሲቆሙ በር ላይ የሚያሳርፉትን ግርማ ከውጭ የሚመጣ አበባ አይተካውም። ቀዩንና ነጩን አይቀላቅሉ፤ ለየብቻ ሲቆሙ ነው የሚናገሩት። ከገበሬው ሲገዙ ራሱ ከመርገፉ በፊት፣ ፍሬው ጠንክሮ ግንዱ ገና አረንጓዴ ሳለ ይሁን። ከድግሱ በኋላም እህል ነውና ተወቅቶ ይበላል። ቀይ ፍሬ ያዘለ የቡና ቅርንጫፍም በዚሁ ጊዜ ይገኛል። ከቡና ባለቤቱ የሚገዙት ግን ከመከርከሚያው የወደቀውን ነው እንጂ ለእርስዎ ተብሎ የተቆረጠውን አይሁን። በታኅሣሥ የላይኛው ቅጠሉ እንደ አበባ የሚቀላው፣ ሲቆረጥ ወተት የሚያወጣው ቁጥቋጦም ያኔ ነው የሚደምቀው፤ አያያዙን ወደታች አመጣዋለሁ።

ከየካቲት እስከ ግንቦት የዛፍ ወራት ናቸው። ቦገንቪሊያ በደረቁ ጊዜ ይፈነዳል፤ ውሃ ሲበዛለት ቅጠል ያበዛና አበባ ይነሳል፤ ለዚህ ከተማ የተፈጠረ ነው ያሰኛል። ጃካራንዳ ሐምራዊ ይለብሳል። ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ከወረዱ ደግሞ ስሙን ከከተማዋ የወሰደው ቀዩ የድሬዳዋ ዛፍ አለ። ነገር ግን ጃካራንዳም ሆነ የድሬዳዋ ዛፍ ከተቆረጡ ቀን አይሞላቸውም፤ ጠዋት ከሥራቸው የረገፈውን ለቅመው በሰፊ ሳህን ውሃ ላይ ቢያንሳፍፉት ይሻላል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የቡና ተክል በነጭ አበባ ይሸፈንና ለሁለት ሦስት ቀን መንደሩን ያውዳል። መቀስዎን ኪስዎ ይክተቱ፤ እያንዳንዱ አበባ ነገ የሚሸጥ ፍሬ ነው።

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የመዝሪያ ጊዜ ናቸው። ለድግስ የሚሆነው በብዛት ቅጠል ነው፤ አበባው ዝናብ ይመታዋል፣ ጭቃ ይረጨዋል።

መዝራቱን ከድግሱ ወደኋላ ቆጥረው ይወስኑት። ዚኒያና ሱፍ ከተዘሩ ከ60 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ ለመቆረጥ ይደርሳሉ። ለእንቁጣጣሽ ከሰኔ 20 እስከ ሐምሌ መጀመሪያ መዝራት ነው። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ በጥቅምት ሦስተኛው ሳምንት ይዝሩ፤ ብርዱ እድገቱን ስለሚያዘገይ አሥር ቀን ይጨምሩለት። በአንድ ቀን የተዘራ ሁሉ በአንድ ቀን ያብባል፣ በአንድ ቀንም ያልቃል፤ ስለዚህ ዘሩን ሦስት ቦታ ከፍለው በየሁለት ሳምንቱ ይዝሩ። ዚኒያው አንድ ስንዝር ሲሞላ ጫፉን ይቀንጥሱለት። አንጀት ይበላል፣ ግን አንድ ዘንግ የነበረው አራት አምስት ይሆናል።

በሐረር ግን በፀሐይ ዘመን አቆጣጠር ብቻ መሄድ አያዋጣም። ከኢድ አልፈጥር ሳምንት ቆይቶ የሚከበረው ሸዋል ኢድ፣ ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል፣ ወጣቶች የሚተጫጩበት፣ ከተማው በእንግዳ የሚሞላበት ነው። የሚቆጠረው በጨረቃ በመሆኑ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ይሸሻል። በ2018 ዓ.ም. ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ የዋለው ይህ በዓል በ2023 ዓ.ም. ወደ ጥር ማብቂያ ይገባል። የአበባ ሰው ይህን ከአሁኑ ማየት አለበት፤ በዓሉ ከትንሹ ዝናብ ደጅ ተነሥቶ ወደ ደረቁ በጋ መሀል እየገባ ነው። ለመጪዎቹ ዓመታት የሸዋል ኢድ ሥራ የሚቆመው በጥቅምት ተለቅሞ በደረቀ አበባ፣ በማሽላ ራስ፣ በቦገንቪሊያና በመዓዛ ቅጠል ላይ ነው። ለማድረቅ ስንደዶና አክርማ፣ ያበበ ዚኒያና ሱፍ በትንንሽ እስር ታስሮ፣ ራሱ ወደታች ተዘቅዝቆ፣ ፀሐይ በማይገባበትና ነፋስ በሚዘዋወርበት ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሰቀላል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቀለሙን ያጣል።

ከየት መውሰድ፣ ከየት አለመውሰድ

ከገበያ ሴቶች ጋር ቋሚ ደንበኝነት ይመሥርቱ። ከዙሪያው ገጠር በሌሊት ተነሥተው የሚመጡ ናቸው፤ ከአንድ ሳምንት በፊት ከተነገራቸው ቀንበጡን አብዝተው፣ ዘንጉን አስረዝመው ያመጣሉ። «አዴ፣ ለሐሙስ በሶብላው ከነአበባው፣ ዘንጉ ክንድ የሚሞላ ይሁንልኝ» ብለው ጥቂት ቀብድ ይስጡ። ለወጥ የሚሆነው በሶብላ አጭር ነው፤ ለአበባ ሥራ የሚፈለገው ሊያብብ ጀምሮ «አለፈበት» የሚባለው ነው። እርስዎ የሚፈልጉት እሳቸው የሚጥሉትን ነውና ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። አደስ ከተገኘ አይለፍዎት፤ ቅጠሉ አብረቅራቂ፣ ሽታው የከበረ፣ ውሃ ውስጥ ከሳምንት በላይ የሚቆይ ነው። ከመደብር የሚገዛ የትኛውም ቅጠል አይደርስበትም።

የጎረቤት ቦገንቪሊያ ሲያስፈቅዱ መከርከም እንደሚጠቅመው ይንገሯቸው፤ እውነትም ይጠቅመዋል። ጎዳና ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ የሕዝብ ነው ብለው ግን እጅዎን አይስደዱ።

ከዱር ሲለቅሙ አደይም ሆነ ሌላ፣ ከአንድ ቦታ ከአምስቱ አንዱን ብቻ ይውሰዱ፤ የቀረው ለንብና ለዘር ነው። እሬትን ጨርሶ አይንኩ። የእሬት ዝርያዎች፣ ከአንዱ ከአሎ ቬራ በስተቀር፣ በዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያሉ ናቸው፤ ቀዩ ዘንጋቸው ቢያጓጓም ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ይረግፋል። ቀጋን ካገኙ አንድ ሁለት ቀንበጥ ብቻ ይቁረጡ። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ብቸኛው ጽጌረዳ እሱ ነው፤ ነጭ፣ መዓዛው ቀለል ያለ ነው። አበባው በሁለት ቀን ይረግፋልና ለጠረጴዛ እንጂ ለአዳራሽ አይሆንም። በአውሊያዎች ደጅ የቆሙ ዛፎችና በየመቃብሩ ያለው ዕፅ አይቆረጥም፤ ይህን ለሐረር ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ከሌላ ቦታ ለመጣ የዲኮር ባለሙያ ግን ያስፈልጋል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። በአወዳይና በሐረማያ መንገድ ጫት መሀል የበቀለ አበባ ሲገዙ ማሳው መቼ እንደተረጨ ይጠይቁ። ጫት ላይ ፀረ ተባይ መርጨት በአካባቢው የታወቀ ነው፤ ከዚያ የመጣ ነገር ኬክ ላይ፣ ወይም ሰው ከሚያሸተው እቅፍ ውስጥ አይገባም። «ከአካባቢው ነው» ማለት ብቻውን «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም።

መቁረጥና ማሳረፍ

የሚቆረጠው ንጋት ላይ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ነው። ባልዲው አጠገብዎ ውሃ ይዞ ይቀመጥ፤ ተቆርጦ መሬት የተኛ አበባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የዘንጉ አፍ መታፈን ይጀምራል። የሚቆርጡበት ቢላ የሰላ ይሁን፣ አቆራረጡ አግድም ሳይሆን ሰያፍ። ውሃ ውስጥ የሚገባው ክፍል ላይ አንድም ቅጠል አይቅር፤ የአበባ ውሃ የሚሸተው በአበባው ሳይሆን ሰምጦ በሚበሰብሰው ቅጠል ነው።

ዚኒያ መድረሱን የሚያውቁት በዓይን አይደለም። ከአበባው አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው ዘንጉን በሁለት ጣት ይያዙና ቀስ አድርገው ያወዛውዙት። አንገቱ እንደ ልብ የሚወላገድ ከሆነ አልደረሰም፤ ቢቆርጡት ማታውን ይደፋል። ዘንጉ ሳይታጠፍ አብሮ ከተነቃነቀ ቆርጠው ይውሰዱት፣ ከሳምንት በላይ ይቆምልዎታል። ሱፍ ደግሞ ቢጫው ገና ከመሀሉ ቀና ማለት ሲጀምር ይቆረጣል፤ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ሱፍ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ከእጅ ግን በሁለት ቀን ይወጣል።

ወተት የሚያወጡት፣ ቁልቋልና ያ በታኅሣሥ የሚቀላው ቁጥቋጦ፣ ለብቻቸው ይያዛሉ። ጓንት ያድርጉ፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ከነካ አደገኛ ነው። ከተቆረጠ በኋላ የዘንጉን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ሊፈላ በደረሰ ውሃ ውስጥ ለ20 ሰከንድ ይንከሩት፤ ወተቱ ይረጋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለብቻው ያሳድሩት። ቦገንቪሊያም ይበሳጫል። ቅጠሉን በሙሉ ይልቀሙለት፣ ቅርንጫፉን እንዳለ ሳፋ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያስጠልቁት፣ ከዚያ ዘንጉን አሳጥረው ይጠቀሙ። ሜትር ቁመት ያለው ቦገንቪሊያ የሚያቆም ባለሙያ እስካሁን አላየሁም።

ሁሉም ከተቆረጠ በኋላ ባልዲው እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ በቀዝቃዛና ጨለም ባለ ክፍል ያድራል። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ለዚህ ማቀዝቀዣ ሳይገዙ የሚያገለግል ነው። ባልዲው ቀድሞ በበረኪና ይታጠብ። ለማቆያው ውሃ በአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና ይበቃል። ስኳሩ ምግቡ ነው፣ ሎሚው ውሃው ወደ ላይ እንዲወጣ ያግዛል፣ በረኪናው ባክቴሪያ ይገድላል። በረኪናና ሎሚ ውሃ ሳይገባባቸው በቀጥታ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ያፍናል። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ስኳሩና ሎሚው፣ በመጨረሻ በረኪናው። ባልዲውን ከማንጎና ከሙዝ አጠገብ አያሳድሩት። የበሰለ ፍሬ የሚተነፍሰው ጋዝ አበባ ያስረጃል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ የማንጎ ሳጥን የሌለበት ጓዳ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ያለ አረንጓዴው ስፖንጅ

የዲኮር ሰዎች አበባ የሚሰኩበት አረንጓዴ ስፖንጅ አሜሪካ ውስጥ በ1954 እ.ኤ.አ. የተሠራ የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ከፌኖልና ከፎርማልዴሃይድ ይዘጋጃል። አንዴ ከተሰካበት ዳግም አያገለግልም፣ አይበሰብስም፣ ይፈረፈርና ፍርፋሪው ከውሃ ጋር ይሄዳል። የእንግሊዙ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከትርዒቶቹ አግዶታል። ሐረር ላይ ሲገዛም ውድ ነው፣ አንዳንዴም ጠፍቶ ሥራ ያስቆማል።

በምትኩ ከተማዋ በየቀኑ የምትጥለው ነገር አለ፤ ገራባ። ቅጠሉ ተበልቶ የቀረው የጫት ዘንግ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ውፍረቱም ከእርሳስ የማይበልጥ ነው። ፍየል ከሚጠብቀው ሰው ጋር ላለመጣላት ቀጫጭኑን ለፍየሏ ይተዉና ወፍራሙን ይለዩ። ልጡን ይላጡ፤ እርጥብ ልጥ ውሃውን ቡናማ ያደርገዋል። ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ ያድርቁት።

አሠራሩ ሁለት ነው። ለሰፊ አፍ ዕቃ ዘንጉን ከዕቃው የውስጥ ስፋት ጥፍር ታህል አስረዝመው ይቁረጡና ከአፉ ሦስት ጣት ዝቅ አድርገው እየተጫኑ አግድም ይወጥሩት፤ ሦስት በአንድ ወገን፣ ሦስት በሌላው፣ ወንፊት እስኪመስል። አራት ጣት ዝቅ ብለው ሌላ እንዲህ ያለ ወንፊት ይሥሩ። አበባው በላይኛው ገብቶ በታችኛው ሲያልፍ ወዲያ ወዲህ አይልም። ለጠባብ ጣሳ ደግሞ አንድ ስንዝር የሚሆኑ ገራባዎች ጥቅጥቅ ተደርገው ቁመው ይሞላሉ፣ አበባውም በመካከላቸው ይሰካል። መጀመሪያ ወፍራሙን ቅጠል፣ አደሱን ወይም ባሕር ዛፉን ዙሪያውን ያስይዙ፤ ቀጥሎ ትልልቁን አበባ በጎዶሎ ቁጥር፤ በመጨረሻ በሶብላውንና ቀጭኑን ሣር ክፍተቱ ላይ። ለእቅፍ ማሰሪያ የቃጫ ገመድ ይሁን፣ ወይም ውሃ ውስጥ ያደረ የሙዝ ግንድ ልጥ፤ ሪባን የግድ ከተባለ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከመኪና ግርግር የሚገኝ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይበቃል።

ዕቃው የሳልሳ ወይም የወተት ዱቄት ጣሳ ቢሆን ማንም አያየውም፤ ከውጭ እንስራ ወይም ቅርጫት ያልብሱት። ያልተወለወለ ሸክላ ውሃ ያሳልፋልና ሁልጊዜ ጣሳው ውስጡ ይግባ። የሐረር ሞሶብ ላይ ግን እርጥብ ነገር አይቀመጥም። የወራት የእጅ ሥራ ነው፤ አንድ ጠብታ ውሃ የቀለሙን አክርማ ያስለቅሰዋል። ሞሶብ ውስጥ መግባት የሚችለው የደረቀ አበባ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ማኖር

አዳራሽ ባዶ ነውና ይሞላል። የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል የሆነው ጊድር ጋር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰፌድ፣ በሳህንና በሞሶብ ተውቦ ያደረ ነው። እዚያ አበባ የሚያበዛ ሰው ግድግዳውን አላየውም። ነደባ በሚባለው የመቀመጫ መደብ ላይ ሰዎች ተቀምጠው ፊት ለፊት ይነጋገራሉና መሀል የሚቀመጠው ከጉልበት እንዳያልፍ። ነደባው ጠርዝ ላይ ምንም አይቀመጥ፤ በቀሚስ ተጠልፎ ይወድቃል። አንድ ትልቅ ነገር በመግቢያው በር፣ አንድ ዝቅ ያለ ሳህን መሀል፣ ቡናው ረከቦት አጠገብ ደግሞ በፊንጃል ውስጥ ሁለት ቀንበጥ በሶብላ። እጣን በሚጨስበት አጠገብ ጠንካራ ሽታ ያለው አበባ አያስቀምጡ፤ ሁለቱ ይጣላሉ፣ የሚሸነፈውም አበባው ነው።

የሙሽራዋ እናት «ኧረ አቦ፣ ቀይ ጽጌረዳ የሌለው ሠርግ ምን ሠርግ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። አይከራከሩ። ለሙሽራዋ እጅ ብቻ 15 ዘንግ ጽጌረዳ ያስመጡ፣ በአደስና በነጭ ኮስሞስ ያብዙት፤ የቀረው አዳራሽ በአገሩ ነገር ይሸፈን። የዝዋዩም ጽጌረዳ የኢትዮጵያ ገበሬና ሠራተኛ ላብ ነው፤ ችግሩ 300 ዘንግ የሚፈልግ ልማድ ላይ ነው።

ዋጋ ሲነጋገሩ ስለ ዓይነት ቃል አይግቡ፤ ስለ ቀለምና ስለ መጠን ይግቡ። «ቢጫና ነጭ፣ አሥር ጠረጴዛ፣ ሁለት የበር» ብለው ይጻፉ። «ዚኒያ 200 ዘንግ» ብለው ከጻፉ አንድ የበረዶ ዝናብ ዕዳ ውስጥ ይከትዎታል። ቅጠልና አበባው ርካሽ ስለሆነ ዋጋዎን አያርክሱት፤ ንጋት ላይ የቆረጡበት፣ ገራባ የላጡበት ሰዓት ይቆጠራል።

የተረፈው

ድግሱ እንዳለቀ በማግሥቱ ጠዋት ይሰብስቡ። ማሽላው ወደ ጎተራ፣ ደረቁ አበባ ወደ ካርቶን፣ የገራባው ወንፊት ታጥቦ ፀሐይ ላይ። ከዚኒያና ከሱፍ ደህና የሆኑትን አምስት ስድስት ራስ በተክላቸው ላይ እንዲደርቁ አስቀድመው ትተው ከሆነ ዘራቸውን ረግፎ ሳይጠፋ ይሰብስቡና በወረቀት ጠቅልለው ወሩን ይጻፉበት፤ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። ዘሩን ከነጋዴ ሲገዙ «ድቅል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የድቅል ልጅ እናቱን አይመስልም።

ቅጠሉና ዘንጉ ተከትፎ ከአመድና ከፍየል በጠጥ ጋር ጉድጓድ ይገባል፤ ለመጪው ክረምት መደብ ማዳበሪያ ይሆናል። ለፍየል የሚሰጠው ግን ተለይቶ ነው። በየግቢው ለጌጥ የሚተከለው፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነው ኦሊያንደር ጥቂት ቅጠሉ ፍየል ይገድላል፤ ለሰውም መርዝ ነው። መለከት የመሰለ ትልቅ አበባ ቁልቁል የሚያንጠለጥለው ተክልና አስተናግርም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን ከነጭራሹ ምግብ ባለበት ቤት አያስገቡ፤ ለግቢ በር ከቆረጧቸውም ትርፋቸው ለብቻው ይቀበር፣ መቀሱም ወደ በሶብላው ከመመለሱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።